ከእኔ ዶሮ ቤት ወደ ታችኛው ጓሮ

ነሐሴ 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት አንድ የሠፈራችን ልጅ ከቀበሌ የተላከ ደብዳቤ በር ላይ ሰጠኝ። ደብዳቤው አራት መስመር ብቻ ነበር። ግቢዬ ውስጥ ያሉት ዶሮዎች በሚያመጡት ሽታና ፍሳሽ ምክንያት ጎረቤት አቤቱታ ማቅረቡን ይገልጽና በ10 ቀን ውስጥ እንዳነሣቸው ያዝዛል። ዶሮዎቹ 40 ነበሩ። አንዷም ገና እንቁላል አልጣለችም። ከግንቦት ጀምሮ ስቀልባቸው ከርሜ፣ ገንዘቤን በሙሉ እነሱ ላይ አፍስሼ፣ ልክ ፍሬያቸውን ላይ ስል የመጣ ትእዛዝ ነው። ደብዳቤውን እንደያዝኩ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ወይም በዙሪያቸው ባለው ገጠር፣ ዶሮ ለማርባት ላሰባችሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በከተማችን ጫጩት የሚገዛው ሰው በዝቷል፤ ደስ ይለኛል። ስለ መኖና ስለ ክትባት የሚያስረዳ ባለሙያም አይጠፋም። ስለ ጎረቤትና ስለ ደንብ ግን አስቀድሞ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያ ክረምት እንደዚያ ባልሆነ ነበር።

ዶሮ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። እናቴ ከሦስትና ከአራት የሐበሻ ዶሮ ተለይታ አታውቅም ነበር። ቀን ግቢ ውስጥ ሲጭሩ ይውላሉ፣ ማታ ማድቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ይወጣሉ። በዕድሜዬ ሙሉ ስለ እነሱ ክፉ የተናገረ ጎረቤት አላስታውስም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ሲደርስብን ከተማዋን ለቅቀን ወጣን፤ ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ዶሮ ቀርቶ የዶሮ ውኃ መጠጫ እንኳን ግቢው ውስጥ አልነበረም። ባዶ ግቢ ያስፈራል። በዚያ ላይ ኑሮው ከበደ። ስለዚህ ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ወርጄ 40 የ45 ቀን ዶሮዎች ገዛሁ። አራት ዶሮ ያስቀየመው ሰው ከሌለ አርባም አያስቀይምም ብዬ አሰብኩ። የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህ ሐሳብ ነው። አርባ ዶሮ አራት ዶሮ በአሥር ሲባዛ አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። አራቱ የወጥ ቤት ትራፊ ለቅመው ኩሳቸውን ግቢው ላይ በትነው ያድራሉ፤ ፀሐይና አፈር ይጨርሰዋል። አንድ ያደገች እንቁላል ጣይ ዶሮ ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። አርባው ሲያድጉ በየቀኑ ከአራት ኪሎ በላይ መኖ ያልቃል፤ ከዚያ የሚወጣው ኩስ ሁሉ አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ይከማቻል።

ሁለተኛው ስሕተት የቤቱ ቦታ ነው። ቆርቆሮና እንጨት ለመቆጠብ ብዬ ዶሮ ቤቱን ከግቢዬ የታችኛው አጥር ጋር አጣብቄ ሠራሁት፤ አጥሩን እንደ አንድ ግድግዳ ተጠቀምኩበት። ደሴን ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይመስል ይሆናል። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ዳገትና ቁልቁለት ነው። የአንዱ ግቢ ወለል ከሌላው ጣሪያ ጋር እኩል የሚሆንበት ሠፈር ብዙ ነው። የላይኛው የደፋው ሁሉ ለታችኛው ይደርሰዋል። እዚህ ተወልጄ አድጌ ይህን መርሳቴ አሁንም ያሳፍረኛል።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው፤ ለንጽሕና ብዬ ያደረግሁት ስለሆነ። ወለሉን በሲሚንቶ አስለስኜ በየማለዳው በባልዲ ውኃ አጥበው ነበር። የቆሸሸ ነገር ይታጠባል፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? ዶሮ ቤት ግን በውኃ ሳይሆን በድርቀት ነው የሚጸዳው። ኩስ ደርቆ ሲቆይ ሽታው ትንሽ ነው፤ ሲረጥብ ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ፣ አሞኒያ፣ ይወጣዋል። ዶሮ ቤት ገብታችሁ ዓይናችሁ ካለቀሰ የዶሮዎቹ ሳንባም እየተጎዳ ነው ማለት ነው። ሐምሌ ገብቶ የደሴ ዝናብ ሳያባራ ሲዘንብ፣ ከላይ ዝናቡ፣ ከውስጥ የእኔ ባልዲ፣ ቤቱ ረግረግ ሆነ። ስፋቱ አራት ካሬ ሜትር ብቻ ነበር፤ በአንድ ካሬ ሜትር አሥር ዶሮ ማለት ነው። ለአደጉ ዶሮዎች ከስድስት ወይም ከሰባት መብለጥ አልነበረበትም። ግንቦት ላይ ትንንሽ ስለነበሩ ቤቱ ሰፊ መስሎኝ ነበር።

ያ ሁሉ ውኃ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ እማማ ጓሮ ይወርድ ነበር። እማማ የምላቸው የታችኛዋ ጎረቤታችንን ነው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ እናቴን በወዳጅነት የሸኙ እናት ናቸው። ከአጥሩ ግርጌ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለቻቸው። ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉት እሷ ላይ ተቀምጠው፣ በማንቆርቆሪያ ውኃ እያፈሰሱ ነበር። የእኔ ፍሳሽ የሚያልፈው በዚያች ድንጋይ ሥር ነው። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ ድንጋይዋ ቦታዋ ላይ የለችም። ወደ በረንዳቸው አስጠግተዋታል። አየሁ፤ ለምን ግን ብዬ አልጠየቅሁም። ለሦስት ሳምንት አንድ ቃል አልተነፈሱም። አቤቱታውን ያስገባው ልጃቸው ነው፤ እናቱ ክፍል ውስጥ ተጨንቀው ውዱእ ሲያደርጉ ማየት ስላልቻለ።

እኔ ግን ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን የተሰማኝ ቁጣ ብቻ ነበር። በማግስቱ ቀበሌ ሄጄ፣ “ዶሮ ማርባት የሚከለክለው ደንብ የት ነው የተጻፈው? አሳዩኝ” አልኩ። ያነጋገረኝ ሰው ትሑት ነበር። ደብዳቤዬን መልሶ አነበበልኝና፣ “እኅቴ፣ እዚህ ላይ ዶሮ አታርቢ የሚል አለ? ቁጥርስ ተጽፏል? የተጻፈው ሽታና ፍሳሽ ነው” አለኝ። እውነቱን ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ደብዳቤውን ደጋግሜ አንብቤው ከ“እንዲያነሡ” በቀር አንድም ቃል አላየሁም።

ማታውን ጠበቃ የሆነ የአጎቴን ልጅ ጠየቅሁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አውጥቶ ቁጥር 1225ን አሳየኝ። ሁላችሁም ብታውቁት እወዳለሁ፤ ዶሮ ብቻ ሳይሆን ወፍጮ ለሚተክልም፣ ከብት ለሚያደልብም ይሆናል። በራሴ አማርኛ ልናገረው፦ ባለ ንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ማስቸገር ወይም መጉዳት የለበትም። ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት ማድረስ የለበትም። ልኩ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ጠባይ ይታያል። የቦታው አቀማመጥ! ይህችን ስሰማ ልቤ ወረደ። ሜዳ ላይ ቢሆን ምናልባት ልከራከር እችል ነበር። ዳገት ላይ ተቀምጬ፣ ውኃዬ ሰው ጓሮ እየገባ፣ ምን ብዬ ልከራከር?

ቀጥሎ ቁጥር 2071ን አሳየኝ። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ያደረሰው ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይገመት ቢሆንም። “ሳላያት ወጥታብኝ ነው” የሚለው የሁላችን ምክንያት በሕግ ፊት አያድንም።

ስለ ደንብ ከዚያ የተማርኩትን እዚህ ላይ ላስፍር። ብዙ ሰው “ደሴ ውስጥ ስንት ዶሮ ይፈቀዳል?” ብሎ ይጠይቀኛል። ከእኔ ቁጥር አትውሰዱ። ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የተጻፈውንም አሳዩኝ በሉ። የምትጠይቋቸው በሮች የተለያዩ ናቸው። ቀበሌና ማዘጋጃ ቤት ስለ ንጽሕና፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ አጥርና ስለምትሠሩት ቤት ይነግሯችኋል፤ ከአጥር ጋር የተጣበቀ ቤት ከመሥራታችሁ በፊት እዚያ መጠየቅ ግድ ነው። የእንስሳት ሀብት ባለሙያው ደግሞ ስለ ክትባት፣ ስለ ዝርያና ስለ በሽታ ይነግራችኋል። አንዱ ባለሙያ “አርቢ” ማለቱ የሌላውን ፈቃድ አይተካም፤ እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነው። እርቢው ከቤት ፍጆታ አልፎ ለሱቅና ለሆቴል የሚቀርብ ሽያጭ ሲሆን ደግሞ የንግድ ፈቃድና የግብር ጥያቄ ይመጣል፤ ከማስፋፋታችሁ በፊት ጠይቁ። ደሴና ኮምቦልቻ የየራሳቸው የከተማ አስተዳደር አላቸው፤ ደሴ ላይ የተነገራችሁ ኮምቦልቻ ላይ አይሠራ ይሆናል። የተከራየ ሰው ከሁሉ በፊት አከራዩን ያነጋግር፤ ፈቃዱንም በኪራይ ውሉ ላይ በአንድ መስመር ያስጽፍ። ኮምቦልቻ ያለችው እኅቴ በቃል ተፈቅዶላት ስድስት ዶሮ ገዝታ፣ ግቢው ለሌላ ሰው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት በሳምንት ውስጥ አስወጣት።

የእኔን ጉዳይ የፈታው ግን ቢሮ አይደለም። የእድራችን ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ሐጂና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የእማማን ልጅም እኔንም ለየብቻ ካነጋገሩ በኋላ እማማ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀመጥን። ሐጂ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ እማማ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

“ልጄ፣ ዶሮሽን አልጠላሁም። እኔም ዕድሜዬን ሳረባ ነው የኖርኩት። ውኃሽ ነው የመጣብኝ።”

“ለምን አልነገሩኝም እማማ?” አልኳቸው።

“እያየሽ መስሎኝ ነበር” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እሳቸውም “አውፍ ብዬሻለሁ” አሉኝ። ልጃቸው ግን በቀላሉ አልተመለሰም፤ ልክም ነበር። ነገሩ በወረቀት ይስፈር አለ። ሽማግሌዎቹ ጻፉት፣ ሁላችንም ፈረምንበት፣ አንድ ቅጂ ለቀበሌው ሰጠን፤ ቀበሌውም ትእዛዙን በስምምነቱ መሠረት አዘገየው። ፊርማ ወዳጅነትን ያቀዘቅዛል የሚል ሰው አለ። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። ወረቀቱ ካለ ወዲህ እማማም በሆዳቸው የሚይዙት፣ እኔም የምገምተው ነገር የለም።

የተስማማነው ይህን ነው። ከ40ዎቹ 17ቱ አውራ ዶሮዎች ነበሩ። ለብቻቸው ችግር ሆነው ነበር፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ተቀብለው እስኪነጋ አያቆሙም። እነሱን እስከ እንቁጣጣሽ አቆይቼ እንድሸጥ ፈቀዱልኝ። ይህች የሦስት ሳምንት ጊዜ ገንዘቤን አዳነችልኝ፤ በበዓል ሰሞንና በተራ ሳምንት የአውራ ዶሮ ዋጋ አይገናኝም። ከዚያ በኋላ አውራ ላላስገባ ተስማማሁ። ብዙ ሰው ያለ አውራ እንቁላል የሚገኝ አይመስለውም፤ እኔም ተከራክሬ ነበር። ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፤ አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ማስፈልፈል ለሚፈልግ ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ለእንቁላል የምታረቡ ከሆነ አውራ አትያዙ፤ የጎረቤት ጠብ ግማሹ በዚህ ይቀራል። ከቀሩት 23 ሴቶች 12ቱን እኔ እንዳስቀር፣ 11ዱ ግቢዬን ለቅቀው እንዲወጡ ሆነ። 12 የሚለው ቁጥር ከሕግ የመጣ አይደለም። መምህሩ ግቢውን በእርምጃ ለክተው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አይተው ያወጡት ነው።

አዲሱን ዶሮ ቤት ወደ ግቢዬ የላይኛው ጥግ፣ ከራሴ መኝታ ቤት መስኮት አጠገብ ወሰድኩት። ይህ የመምህሩ ሐሳብ ነው፤ ሽታው ከተነሣ መጀመሪያ እኔ እንድሰማው። ስለ ዶሮ ቤት ከሰማሁት ምክር ሁሉ እንደዚህ የጠቀመኝ የለም። ስፋቱ ሦስት ካሬ ሜትር ነው። ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በአፈር ተደልድሏል፤ ላዩ ላይ ሰጋቱራና የጤፍ ገለባ ተቀላቅሎ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ተጎዝጉዟል። ጉዝጓዙን በሳምንት ሁለት ጊዜ እገለብጠዋለሁ፤ ውኃ የፈሰሰበትን ቦታ የዚያኑ ዕለት አንሥቼ በደረቅ እተካለሁ። በእጃችሁ ጨብጣችሁ ስትለቁት ከተበተነ ደኅና ነው፤ ተጣብቆ ኳስ ከሆነ ረጥቧል። ብዙ ኩስ የሚጠራቀመው ሌሊት ከቆጡ ሥር ስለሆነ እዚያ አሮጌ ቆርቆሮ ዘርግቼ አመድ እነሰንስበታለሁ፤ ጠዋት በአካፋ ማንሣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ውኃ የሚባል ነገር ወለሉን አይነካውም። የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ወደ በርሜል ይገባል፤ በታችኛው አጥር በኩል ደግሞ የዝናብ ውኃን ወደ መንገዱ ቦይ የሚመልስ ቦይ አስቆፍሬያለሁ። የተነሣው ኩስና ጉዝጓዝ ጉድጓድ ውስጥ ከቅጠል ጋር እየተደራረበ፣ አፈር እየለበሰ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይቆያል። ትኩሱን ተክል ላይ መጣል ተክሉን ያቃጥላል፤ ዝንብም ይጠራል። ሲበስል ግን ጎመን ይወደዋል፤ የእማማን ጎመን ሄዳችሁ እዩ።

ደሴ ብርድ ነው። ጫጩት ከአንድ ቀን ጀምሮ የምታሳድጉ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል። እባካችሁ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አታንድዱላቸው፤ በዚያው ክፍል ሰው የሚተኛ ከሆነማ ጭራሽ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳይሸት ይገድላል። ከገለባ የተሠራ የጫጩት ሳጥን የገዛ ሙቀታቸውን አምቆ ይይዛል፤ ባለሙያዎቹ አሠራሩን ያሳያሉ። ኮምቦልቻ ደግሞ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱና ዝንቡ ነው። ጩኸቱም ሌላ መልክ አለው። የእኅቴ ጎረቤት ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ነበር፤ ዶሮዎች እንቁላል ጥለው የሚያሰሙት ጩኸት ደግሞ ረፋድ ላይ ነው። በከተማ ልኩን የሚያውቀው አጠገባችሁ የሚተኛው ሰው ነው።

አሁን ወደ 11ዱ ልመለስ። ኩታበር ላለው ወንድሜ ላክኋቸው። ገጠር ደንብ የለም፣ መሬቱ ሰፊ ነው፣ እንደ ልባቸው ይሆናሉ አልኩ። ገጠር ደብዳቤ የለም እንጂ ደንብ አለ፤ ከከተማውም ይጠብቃል። ደንቡ ስጥና ዘር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እህል ተወቅቶ እንዲደርቅ በየደጁ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ዘር ሲዘራም፣ ጎመን ሲተከልም ዶሮ ያለው ሰው ዶሮውን ይይዛል፤ ቡቃያው እስኪጠነክር ዘግቶ ወይም እግሯን በገመድ አስሮ ያቆያል። የሐበሻ ዶሮ “ሽ!” ሲሏት ትሸሻለች። የእኔዎቹ ከሰው እጅ በልተው ያደጉ ናቸው፤ ሰው ሲያዩ ይጠጋሉ። በደረሱ በወሩ የጎረቤት ስጥ ላይ ወጥተው ሲበሉ ዋሉ። ጎረቤቱ ሁለቱን ይዞ እግራቸውን አስሮ ልጅ ላከ፦ “ዶሮዎቻችሁን መጥታችሁ ውሰዱ።” ወንድሜ ሄዶ ይቅርታ ጠይቆ አንድ ቁና እህል ሰፍሮ ሰጠ፤ ነገሩ አለቀ። የአጎቴ ልጅ ያሳየኝ 2071 ኩታበር ላይ ያለ መጽሐፍ ሲፈጸም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ወደ ገጠር ዶሮ የምትልኩ ሰዎች ለተቀባዩ በሽቦ የታጠረ መዋያ አብራችሁ አሠሩለት፤ አለዚያ የምትልኩለት ዕዳ ነው።

ከዚያ የባሰውም ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። እኔ ዘንድ ሳሉ የፈንግል ክትባት ወስደዋል። ክትባቱ ግን በየሦስት ወሩ መታደስ ነበረበት፤ እኔም አልነገርኩት፣ እሱም አላወቀም። የካቲት ላይ ከ11ዱ ሰባቱ ሞቱ። የመንደሩም ዶሮ አብሮ አለቀ፤ ሰዎቹም በሽታውን ያመጣችው የከተማዋ ዶሮ ናት አሉ። ከማን እንደተነሣ አላውቅም፤ ወንድሜ ግን ከስጡ ካሣ ይልቅ ይህ ወሬ ጎዳው። በሽታ ሲገባ በገጠርም በከተማም አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ሳይሞቱብኝ ልሽጣቸው ብሎ ወደ ገበያ መሮጥ። እንዲህ ያደረገ ሰው የሰው ቤት ያጠፋል። ዶሮ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ከሞተባችሁ አትሽጡ፣ አትስጡ፣ ወዲያውኑ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ተናገሩ። የሞተውን በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ኖራ ነስንሳችሁ ቅበሩ። ወደ ወንዝ አትጣሉ። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነሥቶ በደሴ አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ላይኛው የጣለውን ታችኛው ይጠጣዋል።

ክትባቱን ስታድሱ ሁለት ነገር አስታውሱ። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ነው፤ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይገድለዋል፤ የምንጭ ወይም የዝናብ ውኃ ተጠቀሙ። ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውኃ ከልክሏቸው፤ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ጠጥተው እንዲጨርሱት። ብልቃጡ ደግሞ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ለ12 ዶሮ ብቻ መክፈት ብክነት ነው። እኛ ሠፈር አሁን ዶሮ ያለን ሰባት ቤቶች በአንድ ቀን እናስከትባለን፤ ብልቃጡን በበረዶ ይዞ የሚመጣው የእማማ ልጅ ነው። እሱም ባለፈው ዓመት አምስት ዶሮ ገዝቷል።

የእኔዎቹ 12 ናቸው፣ ወረቀቱም ዶሮ ቤቱ በር ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ዘንድሮ ሦስት ቄብ ልጨምር አስቤያለሁ። ቦታው ይበቃል፣ መኖውንም እችላለሁ። ግን ወረቀቱ 12 ነው የሚለው። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ እታች ወርጄ እማማን እጠይቃቸዋለሁ፤ እምቢ ካሉኝ ቄቦቹን አልገዛም።